በምን ወር መጣህ? የጊዜያዊ ውሃ ዓሦች ታሪክ፣ ከስሜን ግርጌ እስከ አትባራ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። የታሪክ መምህር ስለ ዓሣ ምን አገባው? ያውም በጣና ጥልቅ ውሃ ስለሚኖረው ሳይሆን፣ ክረምት ሲገባ በየጨፌውና በየቦዩ ታይቶ በበጋ ከነውሃው ስለሚሰወረው ዓሣ? መልሴን ከአንድ የራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ለዶክትሬት ዲግሪዬ የጻፍኩት ጥናት የጎንደርን ገጠር የአመጋገብና የኑሮ ታሪክ የሚመለከት ነበር። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ፣ ከጣና የታንኳ ዓሣ አስጋሪዎች በስተቀር የአካባቢው ሕዝብ ከዓሣ ጋር ይህ ነው የሚባል ግንኙነት አልነበረውም የሚል ዓረፍተ ነገር አስፍሬአለሁ። ማስረጃዬ የመንገደኞች ማስታወሻ ነበር። ከምጽዋ ተነሥተው በስሜን ግርጌ አድርገው ጎንደር የገቡት አውሮፓውያን ስለ ገብሱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ማሩ በዝርዝር ጽፈዋል፤ የተሻገሯቸውን ደረቅ ወንዞች ግን በአንድ ቃል አልፈዋቸዋል። እኔም ዝምታቸውን እንደ ምስክርነት ቆጠርኩት። ገምጋሚዎቼ አልተቃወሙም፤ ጥናቱ ጸደቀ።

ከዓመታት በኋላ ከተማሪዎቼ ጋር ወደ ራስ ዳሽን ስናቀና አምቢኮ አደርን። ወሩ ጥር ነበር። ያሳደሩን ሽማግሌ በወጣትነታቸው በቅሎና አህያ እየነዱ እስከ ተከዜ ቆላ ይነግዱ የነበሩ ሰው ናቸው። እሳት ዳር ተቀምጠን ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ፣ ያንን ምዕራፍ በኩራት ተረክሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ልጄ፣ እነዚያ ፈረንጆች በምን ወር ነው የመጡት?» አሉኝ። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት እያልኩ ዘረዘርኩ። ፈገግ አሉና፣ «በግንቦት መጥቶ ማሳው ባዶ ነው፣ ይህ ሕዝብ ገብስ አያውቅም ብሎ የሄደ ሰው ምን ትለዋለህ?» ብለው እንጨት ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያሳፈረኝ የሽማግሌው ጥያቄ ብቻ አልነበረም። እኔ ራሴ የዳባት ልጅ ነኝ፤ በልጅነቴ ከክረምት በኋላ ደምቢያ አክስቴ ዘንድ እሄድ ነበር። በኅዳር፣ የሞላው ውሃ ከሜዳው ሲሸሽ በቦይና በጉድጓድ ያቆረውን ውሃ ከልጆች ጋር በቅል እየጠለቅን አምባዛ በእጃችን እንይዝ ነበር። አክስቴ ሽታውን ስለማትወድ ከደጅ እንድንጠብሰው ታዘን ነበር። በእጄ ይዤ፣ ጠብሼ የበላሁትን ዓሣ የሰው አገር መጽሐፍ አልጠቀሰውምና የለም ብዬ ጻፍኩ። የዛሬው ንግግር የዚያ ዓረፍተ ነገር ማረሚያ ነው።

፩. የውሃው መንገድ

አስቀድመን ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እንይ። ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚወስደው መንገድ የሚሄደው በውሃ መክፈያ ጀርባ አካባቢ ነው። በጎንደር አካባቢ የሚወርደው ዝናብ በመገጭ አድርጎ ጣና ይገባል፤ ከጣና ደግሞ በዓባይ ይወጣል። ወደ ሰሜን ስንዘልቅ ግን የዝናቡ ዕጣ ይለወጣል። ወደ ምዕራብ የሚፈስሰው ትልቁን አንገረብ ይይዛል፤ ከሊማሊሞ ሥር በዛሪማ፣ ከአምቢኮ ሥር በመሸሃ የሚወርደው ወደ ተከዜ ይጓዛል። አንገረብም ተከዜም የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ በአትባራ ወንዝ ነው። አምቢኮ ላይ በሐምሌ የወረደው ዝናብ የዓባይን ዋና ወንዝ የሚያገኘው ጣናን ሳያይ ነው ማለት ነው።

የእነዚህ ወንዞች ጠባይ ከጣና ፈጽሞ ይለያል። ሐይቁ ዓመቱን ሙሉ ውሃ አለው። የስሜን ወንዞች ግን ቆላ ሲደርሱ በክረምት ድንጋይ ያንከባልላሉ፣ በበጋ ደግሞ በአሸዋ መካከል እዚህም እዚያም የቀሩ ኩሬዎች ይሆናሉ። ጄምስ ብሩስ በ1770 ጥር መጨረሻ ላይ ተከዜን ተሻግሮ በየካቲት ጎንደር ሲገባ፣ ያየው ይህንኑ የደከመ ውሃ ነው። እርሱን ለመውቀስ አይደለም፤ በነሐሴ ተከዜን የሚሻገር መንገደኛ አልነበረም። የመንገዱ መከፈትና የውሃው መጥፋት በአንድ ወር ስለሚውሉ፣ የመንገደኛ ታሪክ በባሕርይው የበጋ ታሪክ ነው። እኛ ከእነርሱ ማስታወሻ የምንጽፈው ታሪክ ግን የዓመቱን ግማሽ እንደጎደለው ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን?

፪. የ1861ዱ ሰኔ

ከዚህ ሕግ ውጭ የሆነ አንድ ምስክር አለ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 ሰኔ ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር በአትባራ ዳር ሰፍሮ ነበር። መጽሐፉን ያሳተመው በ1867 ነው። ቤከር የደረሰበት ጊዜ የወንዙ የድካም ጫፍ ነበር። ሰፊው የወንዝ መሬት የሚያቃጥል አሸዋ ሆኗል፤ ውሃ የሚገኘው ወንዙ በታጠፈበትና በጥልቀት በቆፈረው ስፍራ ብቻ ነው። በእነዚያ ኩሬዎች ውስጥ በመላው ወንዝ ተበትኖ ይኖር የነበረው ሕይወት ሁሉ ተጨናንቋል፤ ዓሣው፣ ኤሊው፣ አዞው፣ ጉማሬው በአንድ ገንዳ ተሰብስበው ክረምትን ይጠብቃሉ። የሚበላውና የሚበላበት በአንድ ቤት ታስረዋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

በሰኔ 23 ሌሊት እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። በሰፈሩበት ሰማይ ላይ ዝናብ አልነበረም። የአካባቢው ሰዎች ድምፁን ያውቁት ነበርና በወንዙ መሬት የተኙትን እየጮኹ ቀሰቀሱ፤ ደራሽ ውሃ እየመጣ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቤከር የቆመው ስፋቱ 450 ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ከ4 ሜትር ተኩል እስከ 6 ሜትር በሚገመት ወንዝ ዳር ነበር። ቤከር ትርጉሙን ወዲያው ተረዳ። ውሃው የመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ ግብፅን የሚያለማው ደለልም ከዚያው ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ገጽ ስለ ዓባይ ምንጭና ስለ ደለል ሲሉ ይጠቅሱታል። እኔ ግን ዛሬ ዓይናችሁን ወደ ኩሬው እንድትመልሱ እጠይቃለሁ። ያ ደራሽ ለሰው የሞት ድምፅ ነው፤ በኩሬው ለታሰረው ዓሣ ደግሞ የእስር ቤት በር ሲከፈት የሚሰማ ድምፅ ነው። በአንድ ሌሊት የተነጣጠሉት ኩሬዎች አንድ ይሆናሉ፤ የውሃው ሙቀትና ጨው ይለወጣል፤ ዓሣው መውለጃ ፍለጋ ሽቅብ ይነሣል። ስሜን ላይ የዘነበው ዝናብ ለአትባራ ዓሣ የዘመን መለወጫ ነው።

፫. ሦስት ዓይነት ብልሃት

ውሃው እንደሚጠፋ እያወቀ በውሃ የሚኖር ፍጡር ምን ያደርጋል? የሥነ ሕይወት ባልደረቦቼ ያስተማሩኝን በሦስት ከፍዬ ላቅርብ።

አንደኛው መሸሽና መመለስ ነው። የእኛ አምባዛ፣ በሳይንሱ ክላሪያስ ጋሪፒነስ፣ የዚህ ወገን አውራ ነው። ከጉንፋሱ በላይ አየር የሚስብበት ተጨማሪ አካል ስላለው፣ ሌላው ዓሣ ታፍኖ በሚሞትበት ጭቃማ ውሃ ይኖራል፤ በእርጥብ ሌሊትም በደረቱ እየተሳበ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ይሻገራል። ክረምቱ እንደገባ ውሃ አዲስ ወደ ሸፈነው ሣር ይወጣል። እንቁላሉ ከሣሩ ላይ ይጣበቃል፤ በሞቀ ውሃ ውስጥ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል። ወላጅ ጠባቂ የለውም። ጫጩቱ በጨፌው ጥልቀት በሌለው ውሃ ያድጋል፤ ውሃው ሲሸሽ አብሮ መሸሽ አለበት። የዘገየው በቦይ ውስጥ ይቀራል። በልጅነቴ በደምቢያ በቅል የጠለቅኳቸው እነዚያን የዘገዩትን ነበር። በፎገራ ሜዳም ርብና ጉማራ በየክረምቱ ሞልተው ሲፈስሱ የሚሆነው ይኸው ነው። ላቤዎባርበስ ከሚባሉት የጣና ዓሦችም በርካታዎቹ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው በወንዞቹ ጠጠር ላይ ይወልዳሉ፤ ልጆቻቸው ወደ ሐይቁ የሚመለሱት ወንዙ ሳይነጥፍ ከደረሱ ነው።

ሁለተኛው ራስን መቅበር ነው። ፕሮቶፕተረስ የሚባለው ባለ ሳንባ ዓሣ ውሃው ሲደርቅ በጭቃ ውስጥ ይቆፍራል፤ ከሰውነቱ የሚወጣው ልጋግ ደርቆ እንደ ከፈን ይሸፍነዋል፤ በትንሽ ቀዳዳ እየተነፈሰ፣ የራሱን ሥጋ እየበላ ዝናብን ይጠብቃል። በዚህ ጠባዩ የታወቀው በተለይ የምዕራብ አፍሪካው ዝርያ ነው። ሌላው ዝርያ በ1851 ሄክል በተባለ የኦስትሪያ ሊቅ «ኤቲዮፒከስ» የሚል ስም ሲሰጠው፣ ናሙናው የተገኘው ግን ከነጭ ዓባይ ነበር፤ ኢትዮጵያ የሚለው ስም በዚያ ዘመን ምን ያህል ሰፊ መሬት ይሸፍን እንደነበር ተማሪዎቼ ልብ በሉ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይልቅ ያስገርመኛል፤ ዘር ትቶ መሞት ነው። ኖቶብራንኪየስ የሚባሉት የጣት ቁመት የማያክሉ ዓሦች በአፍሪካ ቆላ፣ ዝናብ በሚሞላቸው ኩሬዎች ብቻ ይኖራሉ። ኩሬው ሲደርቅ ወላጆቹ አንድ ሳይቀሩ ይሞታሉ። የሚተርፈው በጭቃው ውስጥ የቀበሩት እንቁላል ነው። በ1952 ጆርጅ ማየርስ የተባለው አሜሪካዊ የዓሣ ሊቅ «ዓመታዊ ዓሦች» እያለ ጻፈባቸው፤ እኛ ስለ ጤፍ እንደምንለው መሆኑ ነው። በ1972 ጆን ዎርምስ ባሳተማቸው ጥናቶች፣ እንቁላሉ ዕድገቱን በሦስት የተለያዩ ደረጃዎች ላይ ሊያቆም እንደሚችል በዝርዝር አሳየ። ሳይንቲስቶቹ ይህን እረፍት ዳያፖዝ ይሉታል።

ዋናው ምሥጢር ሁሉም እንቁላል በአንድ ጊዜ የማይነቃ መሆኑ ነው። በግንቦት የሚወርደው የመጀመሪያ ዝናብ አንዳንዴ አታላይ ነው። ኩሬውን ለሳምንት ሞልቶ ይጠፋል። ሁሉም እንቁላል ያን ዝናብ አምኖ ቢፈለፈል ዘሩ በአንድ ቀን ያልቃል። ስለዚህ ከፊሉ ይነቃል፣ ከፊሉ ይተኛል፣ ከፊሉም ለከርሞ ይቆያል። የደባርቅ ገበሬ ይህን ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም፤ በመጀመሪያው ዝናብ ጎተራውን ሙሉ አራግፎ የሚዘራ የለምና። የነቁት ደግሞ ጊዜ አያባክኑም። በሞዛምቢክ ኩሬዎች የተጠናው ኖቶብራንኪየስ ፉርዘሪ የተባለው ዝርያ ከተፈለፈለ በ14 ቀን ውስጥ ለመውለድ ሊደርስ እንደሚችል በ2018 ታትሟል። ዕድሜው በወራት የሚቆጠር በመሆኑ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች የእርጅናን ምንነት ለማጥናት ተመራጭ ሆኗል።

ይህ ወገን ከእኛ አገር የራቀ አይደለም። በ2009 ኖቶብራንኪየስ ኑባኤንሲስ የተባለ አዲስ ዝርያ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ በተገኙ ናሙናዎች ተገልጿል። ዓመቱን አስተውሉ። የጣና ዓሦች ሳይንሳዊ ስም ካገኙ ከ170 ዓመት በላይ በኋላ መሆኑ ነው። ሐይቁ ዘወትር ስላለ ተጠና፤ ኩሬው ዘወትር ስለሌለ ዘገየ።

፬. ዋልያና ዓሣ

ስለ ጣና ዓሦች ስም ካነሣሁ፣ የፍራንክፈርቱን ኤድዋርድ ሩፔልን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሩፔል በ1832 ስሜንን ጎበኘ፤ ከዚያም ወርዶ የሚቀጥለውን በጋ በጎንደር አሳለፈ። በ1835 ባሳተማቸው ጽሑፎች ለዓለም ሳይንስ ካስተዋወቃቸው እንስሳት መካከል አንዱ የስሜኑ ዋልያ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ የጣናን አካባቢ ዓሦች ገለጸ። ስሞቻቸውን ስሙልኝ፤ «ነድጂያ»፣ «ሱርኪስ»፣ «ጎርጓሪ»፣ «በሶ»፣ እንዲሁም «ደምቤኤንሲስ»። እነዚህ የላቲን ልብስ የለበሱ ቃላት ለእኛ ጆሮ ባዳ አይመስሉም። የመጨረሻው ግልጽ ነው፤ ደምቢያ ነው። «ጎርጓሪ»ን ስሰማ ደግሞ፣ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረታችን ትዝ ይለኛል። ተረቱን የፈጠረው ሰው ክንዱን ጭቃማ ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ዓሣ የፈለገ፣ ወይም የሚፈልግ ያየ ሰው መሆን አለበት። በሐይቅ መካከል ከታንኳ ላይ መረብ የሚጥል ሰው አይጎረጉርም። ይህ የኩሬ ዳር ተረት ነው። ከዓሣ ጋር ግንኙነት አልነበረውም ያልኩት ሕዝብ ምስክርነቱን በየቀኑ በአፉ ይዞት ይዞራል፤ እኔ ግን ፍራንክፈርትና ለንደን ፈለግሁት።

ዋልያውና ዓሣው በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ዓመት ስም ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ዕጣቸው ተለያየ። ዋልያ ፓርክ አገኘ፤ ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን በስሙ ይጠራል። እንዲህ በመሆኑ እኔም እንደ ስሜን ልጅ እኮራለሁ። ከገደል ላይ የሚቆም እንስሳ ከሩቅ ይታያል፤ መኖሪያውም ዓመቱን ሙሉ ስፍራውን አይለቅም። አራት ወር ብቻ ለሚኖር ውሃ ግን ማን ድንበር ይከልላል? በጥር የመጣ ቀያሽ ደረቅ መሬት ብሎ ይመዘግበዋል፤ የተመዘገበው ደረቅ መሬት ይታረሳል ወይም ይታጠራል። የእኔ ዓረፍተ ነገርና የዚያ ቀያሽ መዝገብ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

፭. የተሰበረው ዑደት

ያለፉት ስድሳ ዓመታት የእነዚህን ውሃዎች ሰዓት ለውጠዋል። በአትባራ ላይ የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ በ1964 ተሠራ፤ የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድቦች በ2017 ተመረቁ። በእኛ በኩል 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በ2009 ተጠናቀቀ። ቤከር የሰማው ነጎድጓድ ዛሬ በዚያው መልክ አይሰማም። በጣና በኩል ደግሞ በ1996 በሐይቁ መውጫ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠርቷል፤ ከ2010 ጀምሮ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውሃ ይወስዳል። መብራትም መስኖም ያስፈልገናል፤ ግድብን የምቃወም ሰው አይደለሁም። የምለው ይህን ነው፤ በጨፌ ለሚወልድ ዓሣ ወሳኙ በዓመት ያለፈው የውሃ መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ውሃው የመጣበት ወርና የሸሸበት ፍጥነት ነው። ይህ በእቅድ ሰነድ ውስጥ አንድ መስመር ካላገኘ፣ ዓሣው የሚጠብቀው ምልክት ሳይመጣ ዓመቱ ያልፋል።

የእጃችንም ሥራ አለበት። ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በጣና ላይ ገባ። ዓሦቹ ለመውለድ በወንዝ አፍ ሲሰበሰቡ በቀላሉ ይያዛሉ፤ አስጋሪውም ይህን ያውቃል። በ1990ዎቹ አሥር ዓመታት ውስጥ የላቤዎባርበስ ምርት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች ዘግበዋል። በወንዝ ኩሬዎች ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በመበተን ዓሣውን ማደንዘዝ የቆየ ልማድ ነው። ብርብራ ትልቅና ትንሽ አይለይም፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የኩሬውን ሕይወት ሁሉ ወደ ላይ ያወጣዋል። ኩሬው የመላው ወንዝ የበጋ ጎተራ መሆኑን ካስታወስን፣ ይህ የዘር እህልን ከመብላት አይለይም።

ተማሪዎቼ፤ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ይዛችሁ ብትሄዱ የምመርጠው የሽማግሌውን ጥያቄ ነው። የመንገደኛ ማስታወሻ ስታነቡ፣ የግብር መዝገብ ስታገላብጡ፣ የጥናት ናሙና ስትመለከቱ «በምን ወር መጣህ?» በሉት። እናንተም መስክ ስትወጡ በማስታወሻችሁ ላይ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩን ጻፉ፤ የሚቻላችሁም በነሐሴ ውጡ፤ ጭቃው ያስቸግራችኋል፣ ግን ታዩታላችሁ። የታሪክና የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍሎችም የደምቢያን፣ የፎገራንና የተከዜን ቆላ አዛውንቶች አብረው ቢጠይቁ ደስ ይለኛል። የትኛው ኩሬ በየትኛው ወር ይሞላ እንደነበር፣ ምን ዓሣ ይወጣበት እንደነበር የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ እነርሱም እንደ ኩሬው ናቸው፤ ዘወትር አይኖሩም።

እኔን ያሳደሩኝ የአምቢኮ ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት የሉም። የጥናቴ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ አለ። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ያንን ገጽ አወጣሁትና በኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ «ይህ የተጻፈው በበጋ ነው» ብዬ ጻፍኩበት። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ይቅርታ ያድርጉልኝ።